ጂሚ ሄንድሪክስ

ጂሚ ሄንድሪክስ (ኅዳር 18 ቀን 1935 – መስከረም 8 ቀን 1963 ዓ.ም.፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከኖቬምበር 27 ቀን 1942 እስከ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970) አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች፣ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክ ሲወራ ስማቸው በቅድሚያ ከሚነሱ ሙዚቀኞች አንዱ ነው። በራሱ ስም የታወቀው ለአራት ዓመታት ብቻ ሲሆን፣ በሕይወት ሳለ ያጠናቀቃቸው የስቱዲዮ አልበሞች ሦስት ናቸው። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሱ በፊት ጥቂቶች የሞከሩትን የአምፕሊፋየር ጩኸትና መሻከር የዜማው አካል አድርጎ ተጠቀመበት።

ሄንድሪክስ ከጊታሩ የሚወጣውን ድምጽ እንደፈለገ ያዝዘው የነበረ ሲሆን፣ በሥራው ባለቤትነት ላይ ግን ይህን ያህል ሥልጣን አልነበረውም። ገና ሳይታወቅ የፈረመው አንድ ውል እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አስቸግሮታል፤ ከሞተ በኋላም የቀረጻዎቹ መብት ወደ ቤተሰቡ ለመመለስ 25 ዓመት ፈጅቷል።

በዚህ መጣጥፍ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ሄንድሪክስ የተወለደው በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በሲያትል ከተማ ነው። እናቱ ሉሲል ጂተር በዚያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። አባቱ አል ሄንድሪክስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በውትድርና ላይ ስለነበረ ልጁ ሲወለድ አጠገቡ አልነበረም። ሕፃኑ መጀመሪያ የወጣለት ስም ጆኒ አለን ነበር። አባቱ በ1945 ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ሲመለስ ልጁን በካሊፎርኒያ ከሚያሳድጉት ሰዎች ተረከበ፤ በ1946ም ስሙን ጄምስ ማርሻል ብሎ ለወጠው።

ቤተሰቡ ድሃ ነበር። ወላጆቹ ይጠጡና ይጣሉ ስለነበር ልጁ አንዳንድ ጊዜ ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ይላክ ነበር። በካናዳ ቫንኩቨር ከምትኖረው ከአያቱ ከኖራ ሄንድሪክስ ዘንድም ቆይቷል። አያቱ በወጣትነቷ ከተዘዋዋሪ የመድረክ ቡድን ጋር ስትጨፍር የነበረች ሴት ናት። ወላጆቹ በ1951 ተፋቱ፤ ጂሚና ታናሽ ወንድሙ ሊዮን ከአባታቸው ጋር ቀሩ። እናቱ በፌብሩዋሪ 1958 ስታርፍ ጂሚ ገና 15 ዓመቱ ነበር።

ትምህርት ቤት ሳለ ጊታር የያዘ ለመምሰል መጥረጊያ ታቅፎ ይዞር ነበር። በ1957 አባቱን በሥራ ሲያግዝ ከቆሻሻ መካከል አንድ ክር ብቻ የቀረው ዩኩሌሌ (ትንሽ የሃዋይ ጊታር) አገኘ፤ በዚያች አንድ ክር በራዲዮ የሚሰማቸውን ዜማዎች መልቀም ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጊታር በ5 ዶላር ተገዛለት። አስተማሪ አልነበረውም። የማዲ ዋተርስን፣ የቢ. ቢ. ኪንግንና የሃውሊን ዉልፍን ሸክላዎች እየሰማ ደጋግሞ ይለማመድ ነበር። ኖታ ማንበብም አልተማረም።

መጀመሪያ ከገባበት የሰፈር ባንድ ውስጥ ሲጫወት ሌሎቹ መሣሪያዎች ድምጹን ስለዋጡት ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር እንደማይሰማ ተረዳ። በ1959 አባቱ ሱፕሮ ኦዛርክ የተባለ ነጭ የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛለት። ሄንድሪክስ ግራኝ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ለግራኝ የተሠራ ጊታር እንደ ልብ ስለማይገኝ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን ደግሞ በራሱ አያያዝ ልክ አስተካክሎ አስሮ ይጫወት ነበር። ይህን ልማድ እስከ መጨረሻው አልተወውም።

ውትድርና

ሄንድሪክስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አልጨረሰም። በ1961 በተሰረቁ መኪኖች ውስጥ ሁለት ጊዜ በመያዙ እስር ቤት ከመግባትና ወታደር ከመሆን አንዱን እንዲመርጥ ተደረገ። ውትድርናን መረጠና በዚያው ዓመት ሜይ 31 ቀን ተመዘገበ። ወደ 101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ተመድቦ በኬንታኪ ክፍለ ግዛት ወደሚገኘው ፎርት ካምፕቤል ሄደ፤ በፓራሹት መዝለልም ሠለጠነ።

በጦር ሰፈሩ በአንድ ክበብ ውስጥ ጊታር ሲለማመድ ቢሊ ኮክስ የተባለ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ወታደር ከውጭ ሰምቶት ገባ። ሁለቱ በዚያው ተዋወቁ፤ ጓደኝነታቸውም እስከ ሄንድሪክስ የመጨረሻ ኮንሰርት ቆየ። ወታደሩ ሄንድሪክስ ግን ልቡ ከግዳጅ ይልቅ ከጊታሩ ጋር ነበር። አለቆቹ ለውትድርና አይመችም ብለው ጽፈውበት በ1962 ተሰናበተ።

ከሌሎች ጀርባ (1962–1966)

ከሠራዊቱ ሲወጣ ከኮክስ ጋር በቴነሲ ክፍለ ግዛት በክላርክስቪልና በናሽቪል ባንድ አቋቁመው መጫወት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በደቡብ አሜሪካ የዘር መድልዎ በሕግ የጸና ስለነበር ጥቁር ሙዚቀኞች የሚሠሩት ለጥቁር ታዳሚ በተለዩ ክበቦችና ቲያትር ቤቶች ነበር። ሄንድሪክስ በእነዚህ ቤቶች እየዞረ ለታወቁ ዘፋኞች አጃቢ ሆነ። በ1964 ከአይስሊ ብራዘርስ፣ ቀጥሎም ከሊትል ሪቻርድ ጋር ሠርቷል።

የአጃቢ ሥራ ወሰን አለው። አጃቢው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ፣ ከኋላ ቆሞ፣ የታዘዘውን ያህል ብቻ መጫወት አለበት። ሄንድሪክስ ጊታሩን ከጀርባው አዙሮና በጥርሱ እየመታ መጫወትን የተማረው በእነዚህ ዓመታት ሲሆን፣ ይህ የተመልካቹን ዓይን ከዋናው ዘፋኝ ስለሚወስድ ከአሠሪዎቹ ጋር ያጋጨው ነበር። በአንድ ቡድን ብዙ አልቆየም።

በ1965 በኒው ዮርክ ከከርቲስ ናይት ባንድ ጋር ሲሠራ ኤድ ቻልፒን ከተባለ የሙዚቃ ነጋዴ ጋር ተዋወቀ። በኦክቶበር 15 ቀን 1965 ለሦስት ዓመት የሚጸና የቀረጻ ውል ፈረመለት። ቅድሚያ የተከፈለው 1 ዶላር ሲሆን፣ ከሽያጩ የተመደበለት ድርሻ 1 በመቶ ነበር። በወቅቱ ማንም የማያውቀው አጃቢ ስለነበር ውሉን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በኋላ ከማንኛውም ፊርማው ይልቅ ዋጋ ያስከፈለው ይህ ነው።

በ1966 የራሱን ባንድ አቋቁሞ በኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ሰፈር «ካፌ ዋ» በተባለ ቤት መጫወት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የሮሊንግ ስቶንስ ጊታር ተጫዋች የኪት ሪቻርድስ የፍቅር ጓደኛ የነበረችው ሊንዳ ኪት ችሎታውን አይታ ለሙዚቃ ሰዎች ታስተዋውቀው ነበር። ከነዚህ ሰዎች መካከል የእንግሊዙ ባንድ የአኒማልስ ቤዝ ተጫዋች ቻስ ቻንድለር ይገኝበታል። ቻንድለር መጫወቱን ትቶ ፕሮዲውሰር ለመሆን ያስብ ስለነበር ሄንድሪክስን ወደ ለንደን ለመውሰድ ወሰነ።

ለንደን

ሄንድሪክስ በሴፕቴምበር 24 ቀን 1966 ለንደን ገባ። ስሙ ከዚያ በኋላ በአዲሱ አጻጻፍ «ጂሚ» ተብሎ ተለመደ። የማናጀርነቱን ሥራ ቻንድለር ከአኒማልስ ማናጀር ከማይክል ጀፈሪ ጋር ተካፈለው።

በገባ በሳምንቱ፣ ኤሪክ ክላፕተን የሚጫወትበት ክሪም የተባለው ባንድ ለንደን ውስጥ ኮንሰርት ሲያሳይ ሄንድሪክስ ለአንድ ዘፈን መድረክ ላይ እንዲወጣ ተፈቀደለት። የሃውሊን ዉልፍን «ኪሊንግ ፍሎር» በከፍተኛ ፍጥነት ተጫወተ። ክላፕተን በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ከሁሉ የላቀ ጊታር ተጫዋች ተብሎ ይወደስ ስለነበር ይህ አጋጣሚ በለንደን ሙዚቀኞች ዘንድ ወዲያው ተወራ።

«ጂሚ ሄንድሪክስ ኤክስፒሪያንስ» የተባለው ባንድ የተቋቋመው በሦስት ሰዎች ነው። ሚች ሚቸል ድራም ይመታ ነበር፤ ኖል ሬዲንግ ደግሞ ጊታር ተጫዋች የነበረ ቢሆንም ቤዝ እንዲጫወት ተደረገ። የመጀመሪያው ነጠላ ዘፈናቸው «ሄይ ጆ» በዲሴምበር 1966 ወጥቶ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ደረሰ። በማርች 1967 የወጣው «ፐርፕል ሄይዝ» 3ኛ ሆነ። በሜይ 1967 የታተመው የመጀመሪያው አልበም «አር ዩ ኤክስፒሪያንስድ» በእንግሊዝ እስከ 2ኛ ደረጃ ወጣ፤ ከበላዩ የነበረው የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ነው። ሄንድሪክስ የዚህን የቢትልስ አልበም የመክፈቻ ዘፈን፣ አልበሙ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ፖል ማካርትኒና ጆርጅ ሃሪሰን በተገኙበት ለንደን ውስጥ በራሱ አጨዋወት አቅርቦታል።

ሄንድሪክስ በለንደን ከኖረባቸው ቤቶች አንዱ በብሩክ ጎዳና ቁጥር 23 የሚገኘው ነው። በጎረቤቱ በቁጥር 25 በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ ፍሬደሪክ ሃንደል ይኖርበት ነበር። ሁለቱም ቤቶች ዛሬ ሙዚየም ናቸው።

ወደ አሜሪካ መመለስ

በጁን 1967 በካሊፎርኒያ በተደረገው የሞንተሬይ ፖፕ ፌስቲቫል ላይ ኤክስፒሪያንስ እንዲጋበዝ ያሳሰበው ፖል ማካርትኒ ነው። በአገሩ ገና ያልታወቀው ሄንድሪክስ በጁን 18 ምሽት ተጫውቶ በመጨረሻ ጊታሩን በእሳት አያይዞ ሰባበረው። ጊታር በማቃጠል ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በማርች ወር በለንደን አድርጎት ነበር። የሞንተሬዩ ግን በዲ. ኤ. ፔኔቤከር ካሜራ ስለተቀረጸ በመላው ዓለም ታየ።

ይህ ትዕይንት ዝናውን ቢያሰፋም ሸክም ሆነበት። ብዙ ተመልካች ወደ ኮንሰርቱ የሚመጣው እሳቱንና የጥርሱን አጨዋወት ለማየት ነበር። እሱ ግን በተከታዮቹ ዓመታት ዝም ብሎ ቆሞ መጫወትን እየመረጠ ሄደ።

ሁለተኛው አልበም «አክሲስ፦ ቦልድ አዝ ላቭ» በዲሴምበር 1967 በእንግሊዝ ወጣ። ሄንድሪክስ የአልበሙን የመጀመሪያ ገጽ ዋና ቴፕ ታክሲ ውስጥ ረስቶት ስለጠፋ፣ እሱ፣ ቻንድለርና የድምጽ መሐንዲሱ ኤዲ ክሬመር ቅንብሩን እንደገና በአንድ ሌሊት ሠሩት።

ሦስተኛው «ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ» በኦክቶበር 1968 የወጣ ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ሲሆን፣ በአሜሪካ 1ኛ ደረጃ የያዘለት ብቸኛ አልበሙ ነው። በቀረጻው ጊዜ ሄንድሪክስ አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ያስቀርጽ፣ ስቱዲዮውንም በጓደኞቹ ይሞላ ስለነበር ቻንድለር ታክቶት ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ፕሮዲውሰሩ ራሱ ሄንድሪክስ ሆነ። በዚህ አልበም ውስጥ ያለው የቦብ ዲላን ድርሰት «ኦል አሎንግ ዘ ዎችታወር» በአሜሪካ ከነጠላ ዘፈኖቹ ሁሉ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘ ነው። ዲላን ራሱ በኋላ ዘፈኑን በመድረክ ሲያቀርብ የሄንድሪክስን አጨዋወት ተከትሏል።

የድምጹ አሠራር

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምጽ የሚመነጨው ከክሮቹ ሥር ካለው ፒክአፕ ነው። ፒክአፕ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ሲሆን፣ የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ ይህን ሞገድ አጉልቶ በስፒከር ያወጣዋል። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ድምጹም ይሻክራል፣ ይረዝማልም።

ጊታሩ ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ ሌላ ነገር ይከሰታል። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምጽ ክሩን መልሶ ያንቀጠቅጠዋል፤ ፒክአፑ ይህንኑ ተቀብሎ እንደገና ወደ አምፕሊፋየሩ ይልካል። ዑደቱ እስካልተቋረጠ ድረስ ድምጹ አይጠፋም። ይህ ፊድባክ ይባላል። ሄንድሪክስ ከስፒከሩ ያለውን ርቀትና የቆመበትን አቅጣጫ እየለዋወጠ የትኛው ድምጽ እንደሚጮህ ይመርጥ ነበር፤ በጊታሩ ላይ ያለውን የብረት ዘንግ እየጫነም ድምጹን ዝቅና ከፍ ያደርገው ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀመበት ጊታር የፌንደር ኩባንያ ስትራቶካስተር ነው። የቀኝ እጁን ጊታር ሲገለብጠው መቆጣጠሪያዎቹና የብረት ዘንጉ ወደ ላይ ይመጣሉ። አግድም የተቀመጠው የኋላ ፒክአፕም አቅጣጫው ስለሚገለበጥ ወፍራሞቹ ክሮች ይበልጥ ጥርት ብለው፣ ቀጫጭኖቹ ደግሞ ለስለስ ብለው ይሰማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ክሮቹን ከተለመደው ቅኝት በግማሽ ድምጽ ዝቅ አድርጎ ይቃኛቸው ነበር። በረጃጅም ጣቶቹም የጊታሩን አንገት ከላይ በአውራ ጣቱ አቅፎ የወፍራሙን ክር ድምጽ ስለሚይዝ፣ የቀሩት አራት ጣቶቹ ለዜማው ነፃ ይሆኑለት ነበር። አንድ ሰው ሲጫወት ሁለት ጊታር ያለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

በጊታሩና በማርሻል አምፕሊፋየሮቹ መካከል በእግር የሚረገጡ መሣሪያዎች (ፔዳሎች) ነበሩት። «ፈዝ ፌስ» ድምጹን ያሻክራል፤ «ዋህ-ዋህ» የሰው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚመስል ድምጽ ያወጣል። «ኦክታቪያ» የተባለውን፣ በዜማው ላይ ከፍ ያለ ሌላ ድምጽ የሚጨምረውን መሣሪያ የሠራለት ሮጀር ሜየር የተባለ እንግሊዛዊ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ሲሆን፣ በ«ፐርፕል ሄይዝ» የጊታር ሶሎ ላይ ይሰማል።

ዉድስቶክና «ማሺን ጋን»

ኤክስፒሪያንስ በጁን 1969 ተበተነ። ሄንድሪክስ የጦር ሰፈር ጓደኛውን ቢሊ ኮክስን ጠርቶ ሌሎች ሙዚቀኞችም ጨምሮ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ለተደረገው የዉድስቶክ ፌስቲቫል ተዘጋጀ። ፌስቲቫሉ በዝናብና በመዘግየት ምክንያት ከታሰበለት ቀን አልፎ ሄንድሪክስ መድረክ ላይ የወጣው ሰኞ ኦገስት 18 ቀን ጠዋት ነው። በዚያ ሰዓት ከታዳሚው አብዛኛው ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር።

በዚያ ጠዋት የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ያለ ግጥም በጊታር ብቻ ተጫወተው። መዝሙሩ ስለ ጦርነት በሚናገርበት ቦታ ላይ በፊድባክና በብረት ዘንጉ የሚወድቅ ቦምብ፣ የፍንዳታና የጩኸት ድምጽ አስገባበት። ጊዜው አሜሪካ በቬትናም የምትዋጋበት ስለነበር ብዙዎች የተቃውሞ መልእክት አድርገው ወሰዱት፤ ሌሎች እንደ ስድብ ቆጠሩት። ሄንድሪክስ ራሱ የቀድሞ አየር ወለድ ወታደር ሲሆን፣ በሴፕቴምበር 1969 በቴሌቪዥን ሲጠየቅ መዝሙሩን ያማረ እንጂ ያልተለመደ አድርጎ እንዳላየው ተናግሯል።

ከዚያ በኋላ ከኮክስና ከድራም ተጫዋቹ ከበዲ ማይልስ ጋር «ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ» የተባለ ቡድን አቋቋመ። ሦስቱም ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በ1970 አዲስ ዓመት ዋዜማና በማግስቱ በኒው ዮርክ ፊልሞር ኢስት በተባለው አዳራሽ ያቀረቡት «ማሺን ጋን» የተባለው ረጅም ዘፈን ስለ ጦርነት ሲሆን፣ ድራሙና ጊታሩ የመትረየስ ተኩስ ያሰማሉ። ብዙ ጊታር ተጫዋቾች ከሄንድሪክስ የመድረክ ሥራዎች ሁሉ ይህን ያስቀድማሉ።

ውሉና ስቱዲዮው

የፊልሞር ኢስት ቀረጻ በማርች 1970 አልበም ሆኖ የወጣበት ምክንያት ሌላ ነው። ሄንድሪክስ ወደ ለንደን ሲሄድ ከኤድ ቻልፒን ጋር የፈረመው የ1 ዶላር ውል አልፈረሰም ነበር። ሄንድሪክስ ዝነኛ ሲሆን ቻልፒን መብቴ ነው ብሎ ከሰሰ፤ ከከርቲስ ናይት ጋር የተቀረጹትን አሮጌ ሥራዎችም በሄንድሪክስ ስም ለገበያ አወጣ። በአሜሪካ ክርክሩ በስምምነት ሲያልቅ ሄንድሪክስ አንድ ሙሉ አልበም ለቻልፒን ወገን ለመስጠት ተገደደ። ያ አልበም «ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ» ነው። ካፒቶል ኩባንያ አሳተመው።

በ1969 ሌላም ጭንቀት ነበረበት። በሜይ ወር በቶሮንቶ አውሮፕላን ማረፊያ በሻንጣው ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ተገኝቷል ተብሎ ተያዘ። ጉዳዩ ለወራት ከቆየ በኋላ በዲሴምበር ነፃ ተባለ።

ሄንድሪክስ ለስቱዲዮ ኪራይ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ ስለነበር ከጀፈሪ ጋር ሆኖ የራሱን ስቱዲዮ ለመሥራት ወሰነ። በግሪንዊች ቪሌጅ በ8ኛው ጎዳና የነበረ የምሽት ክበብ ተገዝቶ በወጣቱ አርክቴክት በጆን ስቶሪክ ንድፍ ታነጸ። በግንባታው ጊዜ ከመሬት በታች የሚሄድ ውኃ ስላጥለቀለቀው ሥራው ዘገየ፤ ወጪውም ጨመረ። «ኤሌክትሪክ ሌዲ» ስቱዲዮ በኦገስት 26 ቀን 1970 ተመረቀ። ሄንድሪክስ በማግስቱ ወደ እንግሊዝ በረረ፤ ከዚያ በኋላ ስቱዲዮውን አላየውም።

ሞት

በኦገስት መጨረሻ በእንግሊዝ በአይል ኦቭ ዋይት ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ። በሴፕቴምበር 6 ቀን በጀርመን ፌማርን ደሴት ያቀረበው ከራሱ ባንድ ጋር የመጨረሻው ኮንሰርት ሆነ። በሴፕቴምበር 16 ምሽት በለንደን ከኤሪክ በርደንና ዋር ከተባለው ባንድ ጋር በእንግድነት ጊታር ተጫውቷል።

በሴፕቴምበር 18 ቀን ጠዋት ሞኒካ ዳነማን የተባለች ጀርመናዊት ጓደኛው ባረፈችበት በለንደን ኖቲንግ ሂል በሚገኝ ሆቴል ውስጥ ራሱን ስቶ ተገኘ፤ ሆስፒታል ተወስዶም መሞቱ ተረጋገጠ። ምርመራው እንዳሳየው የእንቅልፍ መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዶ፣ ራሱን እንደሳተ ትውከት አፍኖት ነበር። የሞቱን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣን ድርጊቱ ሆን ተብሎ ይሁን በአጋጣሚ የሚያስረዳ በቂ ማስረጃ ባለማግኘቱ ውሳኔውን ክፍት አድርጎ ተወው። ሄንድሪክስ 27 ዓመቱ ነበር። በኦክቶበር 1 ቀን 1970 በሲያትል አቅራቢያ በሬንተን ከተማ ተቀበረ።

ከሞት በኋላ

ሄንድሪክስ ኑዛዜ ስላልነበረው ወራሹ አባቱ ሆነ። ሆኖም የቀረጻዎቹ አስተዳደር በሌሎች እጅ ነበር። ማናጀሩ ማይክል ጀፈሪ በ1973 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ከዚያ በኋላ አለን ዳግላስ የተባለ ፕሮዲውሰር ያልታተሙትን ቴፖች ተረከበ። በ1975 «ክራሽ ላንዲንግ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ፣ የሄንድሪክስን ድምጽና ጊታር ትቶ አንዳንዶቹን የሌሎች ሙዚቀኞች አጃቢነት አጥፍቶ፣ ሄንድሪክስን አግኝተውት በማያውቁ ሙዚቀኞች አዲስ አጃቢ አስቀረጸበት። አድማጮች ይህ የማን ሥራ ነው ብለው አጥብቀው ተከራከሩ።

አል ሄንድሪክስ በ1993 በሲያትል ክስ መሠረተ። የክሱን ወጪ በብድር የሸፈነው የማይክሮሶፍት መሥራች የነበረው የሲያትሉ ተወላጅ ፖል አለን ነው። ጉዳዩ በ1995 በስምምነት አልቆ የሙዚቃው መብት ወደ አባቱ ተመለሰ፤ «ኤክስፒሪያንስ ሄንድሪክስ» የተባለ የቤተሰብ ኩባንያም ተቋቋመ። አል በ2002 ሲሞት ኩባንያውን የተረከበችው የማደጎ ልጁ ጄኒ ሄንድሪክስ ናት። ወንድሙ ሊዮን በኑዛዜው አለመካተቱን ተቃውሞ ቢከስም ፍርድ ቤቱ በ2004 ኑዛዜውን አጸናው።

ኤክስፒሪያንስ በ1992 በሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ውስጥ ተመዝግቧል። ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ ከሄንድሪክስ ሞት በኋላ ስቲቪ ዎንደርንና ዴቪድ ቦዊን ጨምሮ ብዙ ታዋቂ ሙዚቀኞች የቀረጹበት ቤት ሆኗል።

ለማዳመጥ፣ ለማየትና ለማንበብ

በሄንድሪክስ ስም የታተሙ ሥራዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከፊሎቹ እሱ ይወጡልኝ ብሎ ያላሰባቸው ልምምዶች ናቸው። ስለዚህ ጀማሪ አድማጭ በሕይወት ሳለ ራሱ ባጠናቀቃቸው ቢጀምር ይመረጣል።

አልበሞች፦

• «አር ዩ ኤክስፒሪያንስድ» (1967) – አጫጭርና ኃይለኛ ዘፈኖች ያሉበት፤ የፊድባክን አጠቃቀም ለማወቅ ተመራጭ ነው።
• «አክሲስ፦ ቦልድ አዝ ላቭ» (1967) – «ሊትል ዊንግ» የሚገኝበት፤ የአውራ ጣት አያያዙንና ለስላሳ አጨዋወቱን ለሚያጠኑ ይጠቅማል።
• «ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ» (1968) – ስቱዲዮውን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ የተጠቀመበት ሥራ ነው።
• «ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ» (1970) – በመድረክ የተቀረጸ፤ «ማሺን ጋን» ይገኝበታል።
• «ብሉዝ» (1994) – ከሞተ በኋላ የተሰበሰበ፤ ከልጅነቱ የሰማቸው የብሉዝ ተጫዋቾች ያሳደሩበትን ተጽዕኖ ያሳያል።
• «ፈርስት ሬይስ ኦቭ ዘ ኒው ራይዚንግ ሰን» (1997) – ሳይጨርሰው የሞተውን አራተኛ አልበም ለመገመት ኤዲ ክሬመር በተሳተፈበት ሥራ የተዘጋጀ ነው።

ፊልሞች፦

• «ሞንተሬይ ፖፕ» (1968) – በዲ. ኤ. ፔኔቤከር የተዘጋጀ፤ ጊታሩ ሲቃጠል ይታያል።
• «ዉድስቶክ» (1970) – በማይክል ዋድሊ የተዘጋጀና በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ያገኘ ነው።
• «ጂሚ ሄንድሪክስ» (1973) – ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣ ዘጋቢ ፊልም፤ አባቱና አብረውት የሠሩ ሰዎች ይናገሩበታል።
• «ጂሚ፦ ኦል ኢዝ ባይ ማይ ሳይድ» (2013) – አንድሬ ቤንጃሚን ሄንድሪክስን ሆኖ የሚተውንበት ልብ ወለድ ፊልም ነው። የቤተሰቡ ኩባንያ ስላልፈቀደ ሄንድሪክስ የደረሳቸው ዘፈኖች አይሰሙበትም።

መጻሕፍት፦

• ቻርልስ ሻር መሪ፣ «ክሮስታውን ትራፊክ» (1989) – ሄንድሪክስን በጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ አስቀምጦ የሚመረምር ነው።
• ሃሪ ሻፒሮና ሲዘር ግሌቤክ፣ «ኤሌክትሪክ ጂፕሲ» (1990) – ስለ ቀረጻዎቹና ስለ መሣሪያዎቹ ዝርዝር መረጃ ለሚፈልጉ።
• ቻርልስ ክሮስ፣ «ሩም ፉል ኦቭ ሚረርስ» (2005) – በተለይ የሲያትል ልጅነቱንና ቤተሰቡን በስፋት የሚተርክ የሕይወት ታሪክ ነው።